«ሃይማኖቴን ስለያዝኩ ሆሞፎቢክ ልባል ነው?» ከደሴ ለተላከ ጥያቄ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የደሴ ነዋሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በቀደም ለእረፍት መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዷ ጎረቤታችን ስለ ግብረ ሰዶማውያን አንስታ ‹እንዲህ ያለውን አስሮ ማቃጠል ነው› አለች። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ግን ‹ይሄ ሆሞፎቢያ ነው፤ የምትስቁትም ያው ናችሁ› ብሎ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። እስከዛሬ እንደተኳረፍን ነን። ሆሞፎቢያ ምን ማለት ነው? በስልክ የምናየው የፕራይድ ሰልፍስ ዓላማው ልጆችን ለመሳብ አይደለም ወይ? እኔ ሃይማኖቴን ስለያዝኩ ሆሞፎቢክ ልባል ነው? ወንድሜ ይህን ያህል የተቆጣውስ እሱ ራሱ ስለሆነ ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርምና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። እዚሁ ደሴ በአእምሮ ጤና ሙያ እሠራለሁ፤ የምመልስልሽም በሙያዬ ነው። የሃይማኖት ፍርድ የሼሆቹና የቀሳውስቱ ስለሆነ እሱን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። ከአገራችን ሕጎች በስተቀር የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሆሞፎቢያ ማለት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸውን ሰዎች በዚህ ምክንያት ብቻ መጥላት፣ መጠየፍና መፍራት፣ ከዚያም ተነስቶ እነሱን መጉዳት ወይም ሲጎዱ «ይበላቸው» ማለት ነው። ቃሉን ያወጣው ጆርጅ ዋይንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እሱ ራሱ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አልነበረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የታዘበው የሙያ ባልደረቦቹን ነው። የተማሩና ለሰው የሚያዝኑ ሆነው ሳለ፣ እንዲህ ያለ ሰው አብሯቸው ሊቀመጥ ነው ሲባል ፊታቸው ይለዋወጥ፣ አንዳንዶቹም ይቆጡ ነበር። ይህን ያየ ሰው ነው እንግዲህ «ችግሩ ያለው ማን ዘንድ ነው?» ብሎ የጠየቀው። በ1972 ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቃሉም ከዚያ ወዲህ ተሰራጨ።

የበሽታ ስም ግን አይደለም። በየትኛውም የሕመም መዝገብ ላይ አታገኚውም። ከፍታ የሚፈራ ሰው ገደል አፋፍ አይቆምም፣ ይሸሻል። ሆሞፎቢያ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይሸሽም፤ ያሳድዳል። ግሪጎሪ ሄረክን የመሰሉ ተመራማሪዎች «ፍርሃት ከምንለው ጭፍን ጥላቻ ብንለው ይሻላል» ያሉት ለዚህ ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ሃይማኖትሽ ልምጣ፤ ይበልጥ ያስጨነቀሽ እሱ ይመስለኛል። ሐራም ነው ወይም ኃጢአት ነው ብሎ ማመንና አንድ ሰው ይቃጠል ማለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም። እኛ ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ አርደን በአንድ ዳስ እንቀመጣለን። ማንም የማንን ሥጋ አይበላም፤ ማንም ግን የሌላውን ልጅ ከዳስ አያስወጣም። እምነትሽን የምትጠብቂው በራስሽ ኑሮ ላይ ነው። ሰውን ከቤቱ ማስወጣት፣ ከሥራው ማስባረር፣ መደብደብ፣ ፎቶውን ቲክቶክ ላይ መለጠፍ፣ የወሬ ማሟሻ ማድረግ፣ ይሙት ማለት፣ ይህ ሁሉ ሆሞፎቢያ ነው። የጎረቤትሽም ንግግር ያለ ጥርጥር ሆሞፎቢያ ነው። ሳቁም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ንግግሩን ያጸደቀ ነው። ወንድምሽ የሰማው «ይቃጠል» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ቤተሰቡ ሲስቅም ሰምቷል።

በሆሞፎቢያ የእኔ ሙያ ራሱ ሲወቀስ የኖረ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እስከ 1973 ድረስ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለተመሳሳይ ፆታ መሳብን በአእምሮ ሕመምነት መዝግቦ ይዞት ነበር። በዚህ ስም ሰዎች ሆስፒታል ተዘግቶባቸዋል፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት «ታክመዋል»፣ ከሥራ ተባረዋል። ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ 30 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በተመሳሳይ የሥነ ልቦና ፈተናዎች ፈትና፣ ውጤቱን ማን የማን እንደሆነ ሳትነግር ለታወቁ ባለሙያዎች ሰጠቻቸው። ባለሙያዎቹ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻሉም። ይህ የታተመው በ1957 ነው፤ መዝገቡ እስኪስተካከል ግን ገና 16 ዓመት ቀርቶት ነበር።

በመካከሉ የሆነውን አንድ ነገር ልንገርሽ። በግንቦት 1972 ማኅበሩ ዳላስ ከተማ ጉባኤ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ሊናገር መድረክ ላይ ወጣ። ፊቱን በላስቲክ ጭምብል ሸፍኗል፤ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቷል፤ ልብሱ ከሰውነቱ በብዙ ይሰፋል። ማይክሮፎኑም ድምፁን የሚለውጥ ነበር። «ዶክተር ኤች፣ ስሙ ያልተገለጸ» ተብሎ ነው የተዋወቀው። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ እንደሆነና እንደ አድማጮቹ ሁሉ እሱም የሥነ አእምሮ ሐኪም እንደሆነ ነገራቸው። በአዳራሹ ከተቀመጡት ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ነገ ጠዋት ሰላም የሚላቸው ሰዎች ናቸው። ስሙ ጆን ፍራየር ነበር። ከዚያ በፊት በዚሁ ምክንያት ከስልጠናው ተባሮ ስለነበር እንደገና እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው የተሸፈነው። ያ በጭምብል ውስጥ የነበረው እኔ ነኝ ብሎ በጉባኤ ፊት የተናገረው በ1994 ነው። ማኅበሩ ግን በታኅሣሥ 1973 ሕመም የሚለውን ስያሜ ሰረዘ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ17 ግንቦት 1990 ከራሱ መዝገብ አወጣው። ይህ ቀን በብዙ አገሮች ሆሞፎቢያን የመቃወሚያ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሐኪም የሆነ ሰው ሐኪሞች ፊት ፊቱን ሸፍኖ ከቆመ፣ ሐኪም ያልሆነው፣ ገንዘብም ዘመድም የሌለው እንዴት ይኖር እንደነበር አስቢው። ኢላን ሜየር የሚባል ተመራማሪ በ2003 ይህን ሸክም በዝርዝር አስረድቷል። ሰውን የሚያሳምመው የፍቅር ስሜቱ አይደለም፤ መናቁ፣ ይታወቅብኛል የሚለው የዘወትር ስጋት፣ መደበቁ፣ በመጨረሻም የሰማውን ስድብ አምኖ ራሱን መጥላቱ ነው። እኛ ክፍል የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ ስለዚህ አያወራም። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል ይላል፣ ራሴን ያመኛል ይላል፣ እንቅልፍ የለኝም ይላል። ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ተብሎ ነው የሚመጣው። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ፣ በሩ መዘጋቱን ዞሮ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ነገሩን የሚያነሳው። ከልጅነቱ ጀምሮ «ቡሽቲ» የሚለውን ቃል ሌላው ላይ ሲወረወር እየሰማ አድጓልና እኔም ያንኑ እንድለው ይጠብቃል።

የፕራይድ ሰልፍ የተነሳው ለዚህ ሐፍረት መልስ ሆኖ ነው። ፕራይድ ማለት ኩራት ማለት ነው፤ ኩራት ሲባል እኛ ዘንድ ትዕቢት ስለሚመስል ገና ስሙ ያስከፋል፤ ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ግን አንገት ደፍቶ መኖርን መተው ነው።

በ1969 አሜሪካ ውስጥ ከኢሊኖይ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በሕግ የሚያስቀጣ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች ብዙዎቹ በማፊያ እጅ የነበሩና ፈቃድ የሌላቸው ናቸው፤ ፖሊስ በየጊዜው እየገባ ያፍሳል። በዚያ ዘመን የተያዘ ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ስሙ ከወጣ ደግሞ ሥራውም ቤቱም ሄደ ማለት ነው። በ28 ሰኔ 1969 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፖሊስ ስቶንዎል ኢን ወደሚባለው መጠጥ ቤት ገባ። የዚያን ሌሊት ግን ሰዉ እንደ ወትሮው አንገቱን ደፍቶ አልተበተነም። መንገዱ ላይ ቆመ፣ ግጭት ተነሳ፣ ለተከታታይ ሌሊቶችም ቀጠለ። ልክ በዓመቱ፣ በ28 ሰኔ 1970፣ ከዚያው ሰፈር ተነስተው እስከ ሴንትራል ፓርክ በጠራራ ፀሐይ በእግር ሄዱ። ከመጀመሪያዎቹ የፕራይድ ሰልፎች አንዱ ይህ ነው። በዚያው ሰሞን ሎስ አንጀለስና ቺካጎም ተሰልፈዋል፤ ለንደን በ1972 ተከተለች። ቀስተ ደመና ቀለም ያለውን ባንዲራ ጊልበርት ቤከር የሠራው ዘግይቶ፣ በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው።

ይህ የነጮች ጉዳይ ነው እንዳትዪኝ የአፍሪካውንም ልጨምርልሽ። ጆሃንስበርግ ላይ በጥቅምት 1990 ሰልፍ ሲደረግ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሳይመን ንኮሊ ነበር። ንኮሊ አፓርታይድን በመታገሉ በ1984 ተይዞ በአገር ክህደት የተከሰሰና እስር ቤት የከረመ ሰው ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ አንዳንዶቹ ሰልፈኞች የወረቀት ከረጢት ዓይናቸው ጋ ቀደው ጭንቅላታቸው ላይ አጥልቀው ሄዱ። መሄድ ይፈልጋሉ፤ ግን እናታቸው ወይም አለቃቸው ቢያያቸው የሚሆነውን ያውቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1996፣ ደቡብ አፍሪካ ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሰውን በፍቅር ዝንባሌው ምክንያት ማግለልን በግልጽ ከለከለ። ከዓለም አገሮች ይህን በሕገ መንግሥቷ የጻፈች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ስለዚህ ዓላማው ምንድን ነው ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው፤ በፊት ለፊት መታየት፣ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ ለሚያስብ ሰው ብቻውን አለመሆኑን ማሳየት፣ የሞቱትን ማሰብ፣ ሕግ እንዲለወጥ መጠየቅ። በ1980ዎቹ ኤድስ ብዙዎችን ሲጨርስና መንግሥታት ዝም ሲሉ ሕክምና ይሰጠን የሚለው ጩኸት ከእነዚሁ ሰልፎች ውስጥ ይሰማ ነበር።

ዛሬ ሰልፉ በየአገሩ መልኩ ተለያይቷል። ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች የራሳቸውን ስም ይዘው የሚሳተፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህ ከራሳቸው ከሰልፈኞቹም ብዙ ወቀሳ ያስነሳል። ወደ እኛ ስልክ የሚመጣው ደግሞ ተመርጦ ነው። ግማሽ እርቃኑን የሚጨፍር ሰው ቪዲዮው ይሰራጫል፤ የልጃቸውን እጅ ይዘው «ልጄን እወደዋለሁ» የሚል ካርቶን ከፍ አድርገው የሚሄዱ ሽማግሌ አባት ግን አይሰራጩም። አለባበሱን አለመውደድ መብትሽ ነው፤ እኔም የማልወደው አለ። ሰልፉን በዚያ ብቻ መመዘን ግን ፍትሕ አይደለም።

ልጆችን ይስባል ወይ? አይስብም። የፍቅር ዝንባሌ ሰልፍ አይቶ የሚያዝ ነገር አይደለም። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የተሳተፈበት በ2019 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት አንድ ብቻውን የሚወስን ጂን እንደሌለ፣ ብዙ ጥቃቅን የውርስ ምክንያቶች ከሌሎች ነገሮች ጋር ተደምረው ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። በምክርም ሆነ በዱላ አይለወጥም። የአሜሪካ አህጉር የዓለም ጤና ድርጅት ቢሮ በ2012 «እንለውጣለን» የሚሉ ሕክምናዎች የሕክምና መሠረት እንደሌላቸውና ሰውን እንደሚጎዱ በግልጽ አስታውቋል። ሰው በገዛ ፈቃዱ ጸበል ቢሄድ ወይም ሩቅያ ቢያስቀራ የእሱ ጉዳይ ነው። ታስሮና ተደብድቦ ሲወሰድ ግን ከሚመለስበት ጊዜ ጀምሮ የምናክመው አዲስ ቁስል ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ሳልለይልሽ ባልፍ ግን ጥፋት ይሆንብኛል። እኛ አገር ግብረ ሰዶም ሲባል ብዙ እናቶች ወዲያው የሚታያቸው የተደፈረ ወንድ ልጅ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ወንድ ልጆች ይደፈራሉ። እሱ ግን በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው፤ ሴት ልጅን የሚደፍር ሰው ሴት በማፍቀሩ እንዳልደፈራት ሁሉ ይህም በፍቅር ዝንባሌ አይገለጽም። ሕጋችንም ለያይቶ ነው ያስቀመጠው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 631 አካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ ለሚፈጸመው ብቻ የተጻፈ ነው፤ ተጎጂው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። ልጅሽ ወይም የጎረቤት ልጅ ተደፈረ ከተባለ ገላውን ሳታጥቢ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጎ ማየት ሁለት ጉዳት አለው፤ በፈቃዱ ከሌላ አዋቂ ጋር ያለ ሰው ሕፃን ደፋሪ ይባላል፤ እውነተኛው ደፋሪ ደግሞ ሚስትና ልጆች ያሉት የተከበረ ሰው ስለሆነ አይጠረጠርም።

በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውም ቢሆን በዚሁ ሕግ አንቀጽ 629 በቀላል እስራት እንደሚያስቀጣ ማወቅ አለብሽ። እኔ እንደ ባለሙያ ይህ ሕግ ሰዎችን ከሕክምና እንደሚያርቅ አያለሁ፤ ያም ሆኖ ያለው ሕግ ይህ ነው፤ ፕራይድ የሚባል ሰልፍም በአገራችን የለም። ሕጉ ግን ለጎረቤት ዳኝነት አልሰጠም። መደብደብ፣ ማስፈራራት፣ «እናገርብሃለሁ» እያሉ ገንዘብ መቀበል ራሳቸው ወንጀል ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖር፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብት የተሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ «ከእነ እገሌ በቀር» የሚል አልተጻፈበትም።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ስለተቆጣ «እሱ ራሱ ነው» ማለት አይቻልም። ሰው ይቃጠል ሲባል መቆጣት ጤናማ ሰው የሚያደርገው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰደብና ሲገፋ ያየው ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፤ ወይም አንብቦ ያመነበት ሊሆን ይችላል። ስልኩን አትፈትሺ። ጓደኞቹን አታጣሪ። እናታችሁንም ሆነ አጎታችሁን «እንዲህ ይመስለኛል» ብለሽ አታማክሪ፤ ከአንድ ቡና ላይ የወጣች ግምት ማታ ሙጋድ ሰፈር ደርሳ ታድራለች፤ ከወጣች ደግሞ አትመለስም። «የዚያን ቀን መሳቄ አስከፍቶሃል፤ ልክ አልነበረም» በይው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቂው። ማውራት ከፈለገ ራሱ ያወራል።

«አዎ፣ እኔም ነኝ» ቢልሽስ? ያን ቀን የምትናገሪው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። እሺ ወይም አይሆንም እንድትዪው አይጠብቅም፤ ከቤት እባረር ይሆን ወይስ አልባረርም የሚለውን ነው የሚጠብቀው። «ወንድሜ ነህ፣ ይህ በእኔ ዘንድ ይቀራል» በይው። እምነትሽን እዚያ ቦታ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እሱ ያውቀዋል፣ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ለማንም አትንገሪ፤ የምታምኛትን ጓደኛም ጭምር። በአገራችን ሁኔታ የእሱ ምስጢር ከወጣ ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ሚስት ብናጋባው ይተወዋል የሚል ሽማግሌ ከመጣ እምቢ በዪ፤ ምንም የማታውቅ ሴት ልጅ አብራ ትጎዳለችና።

ምልክቶቹን ግን ተከታተዪ። ምግብና እንቅልፍ ከተወ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሌላ ማደል ከጀመረ፣ «ባልፈጠር ይሻል ነበር» ወይም «ከእኔ ትገላገላላችሁ» ካለ፣ ከከረመ ጭንቀት በኋላ ድንገት ከተረጋጋ አትዘግዪ። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ይልቁንም ያቀልለታል። የአይጥ መርዙንና ፀረ ተባዩን ከቤት አውጪ። ብቻውን እንዲያድር አታድርጊ። ደሴ ሪፈራል ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊትም ይሠራል። እዚያ ስትደርሺ «ራሱን እንዳይጎዳ ፈርቼ ነው ያመጣሁት» ማለት ይበቃል፤ ምክንያቱን ለካርድ ክፍልም ሆነ ለጥበቃ መናገር የለብሽም። ለሐኪሙ እሱ ራሱ ይንገረው፤ ሐኪሙም በሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።